የካቡ ባለቤት

ሻለቃ የገደለውን ሁሉ የሚበላ ድመት ነው። ወፍ ከነላባዋ፣ እንሽላሊት ከነጅራቷ፣ አንበጣ ከነእግሩ ሲቆረጥም እንጂ ሲያማርጥ ያየው የለም። በዚያ ጠዋት ግን ዘር ቤቱ ደጃፍ ላይ ያጋደማትን ኢምንት ፍጥረት አንዴ አሽትቶ ፊቱን አዞረና፣ ያልተጠራበት ግብዣ ሄዶ እንደተመለሰ ሰው ጅራቱን ቀጥ አድርጎ መንገዱን ቀጠለ።

«ይኸው ሌባችን ተገኘች» አሉ እትዬ፣ በባልዲያቸው ጠርዝ ገፋ እያደረጓት። «ዘሬን ስትግጥ ከርማ ቀኗ ደረሰ።»

እትዬ የችግኝ ጣቢያው ባለቤት ናቸው። ችግኝ የሚገዛውም፣ አፈር የሚያመጣውም፣ በር ላይ ቆሞ ዋጋ ጠይቆ የሚሄደውም ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ እማዬ የሚላቸው የወለዱት ልጅ ብቻ ነው። እሱም ችግኝ በፒክአፕ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ከእሱ ሌላ በቤቱ ያለችው የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ወደ እትዬ መጣች፤ ስታድግ ዘር መደቦቹ በእሷ እጅ ሆኑ። ትምህርት ቤት የተወችው ማንም ሳያስወጣት ነው። አስተማሪዋ «ዓሣ ነባሪ ትልቁ ዓሣ ነው» ሲል «ዓሣ አይደለም» አለች፤ ይቅርታ ጠይቂ ተባለች፤ እምቢ አለች፤ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሽፋናቸው የተገነጠለ አሮጌ መጻሕፍት እየለቀመች ያነበበችውን ያህል አስተማሪዋ ዕድሜውን ሁሉ አላነበበም፤ ይህንንም ለመናገር ማንም እስኪጠይቃት አትጠብቅም። ሹፌሩ ስለዚህ «ምሁሯ» ይላታል። ለማብሸቅ ያወጣው ስም ነበር። እሷ እንደ ማዕረግ ተቀበለችውና ቀልዱን ከአፉ ነጠቀችው።

ምሁሯ ተንበርክካ የሞተችውን በመዳፏ አነሳቻት። የአውራ ጣቷን ያህል እንኳ አትሆንም። ጠጉሯ ግራጫ ከፋይ ነው።

«እትዬ፣ ይህቺ አይጥ አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድን ናት? ዓሣ ነባሪ?» አለ ሹፌሩ ከመኪናው ሥር፣ እግሩ ብቻ እየታየ።

«አፍንጫዋን ይዩት እትዬ፤ እንደ ወስፌ የሾለ ነው። ጥርሷንም ይዩ።» በጥፍሯ የሟቿን ከንፈር ገለጥ አደረገች። «አይጥ ፊት ለፊት መሮ ነው ያላት፤ የምትግጥበት። የዚህቺ ግን ከዳር እስከ ዳር መጋዝ ነው። እንዲህ ያለ ጥርስ ዘር አይፈለፍልም። ምግቧ ትል ነው፣ ጥንዚዛ ነው፣ ቀንድ አውጣ ነው። ሻለቃም ያልበላት ወዶ አይደለም፤ ጎኗ ላይ ሽታ የምታመነጭበት ዕጢ አላት። ያሽቷት።»

«አላሸትም» አሉ እትዬ። «ጅራት አላት?»

«አላት።»

«ከዘር ቤቴ ደጃፍ ነው የተገኘችው?»

«ድመቱ እኮ ነው ያመጣት፤ ከታች፣ ከካቡ ነው…»

«እንግዲያው አይጥ ናት» አሉና ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ።

ሰው «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እያለ ይተርታል፤ ዳዋውን ምን እንደተሰማው የጠየቀው ግን የለም።

እውነቱን ለመናገር እትዬ ቢናደዱም አይፈረድባቸውም። ተለቅሞ፣ ተሰጥቶ፣ በወንፊት ተነፍቶ የተቀመጠው የዛፍ ዘር ከረጢቱ ከሥሩ እየተበሳ፣ ለመዝራት ሲከፈት ገለባ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቆርጠው ነበር። የዘር ቤቱን ወለል በድንጋይና በሲሚንቶ ያስደፍናሉ፤ ድንጋዩን ከታች ካለው አሮጌ ካብ ያስነሳሉ፤ ካቡ ሥር የተከመረውን ቅጠል ያቃጥላሉ፤ በመጨረሻም ዘር ቤቱ ውስጥ የአይጥ መርዝ ይበትናሉ። ግንበኛው በማግስቱ ይመጣሉ።

ካቡ ያለው ከግቢው ታችኛ ጫፍ፣ ከመደቦቹ የሚወርደው ውኃ የሚያርፍበት ላይ ነው። ማን እንደካበው የሚያውቅ የለም። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ከአብሮ መኖር ብዛት እንደ ባልና ሚስት ተዋዶ የቀረ ነው። ፀሐይ ስለማያገኘው አረንጓዴ ጢም አብቅሏል። እግሩ ሥር ቅጠል እየረገፈ፣ የታችኛው እየበሰበሰ፣ የላይኛው እየተጨመረበት ጉልበት ድረስ ተከምሯል። ለእትዬ ይህ ቆሻሻ ነው። ለአፈ ሹሏ፣ ለሟቿ በሕይወት ለቀረች ዘመድ፣ ግን ጓዳዋም ሳሎኗም ነው። (አፈ ሹል ያለቻት ምሁሯ ናት፤ ሹፌሩም ሲሰማ «ስም ብታጪ የራስሽን ሰጠሻት?» ብሏታል።) ቅጠሉ ሥር ትል አለ፤ ድንጋዩ ሥር ጥንዚዛ አለ፤ ስንጥቁ ከፀሐይም ከሻለቃም ይጋርዳል። ቆፍራ ቤት የምትሠራበት ጉልበት የሌላት ፍጥረት የምትኖረው ሌላው ሳይደፍነው በተወው ክፍተት ነው።

ምሁሯ የችግኝ ከረጢት በአፈር የምትሞላው እዚያ ጥላ ላይ ተቀምጣ ነው። አፈ ሹሏን በመጀመሪያ ያወቀቻትም በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነበር። የበር ማጠፊያ ዘይት ሲያጣ የሚያሰማውን የመሰለ ቀጭን ጭውታ ከቅጠሉ ሥር ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደገና ይመጣል። ዓይኗ ከብርሃንና ከጨለማ በቀር ብዙም አይለይላትም፤ ስለዚህ በአፍንጫዋና በጢሟ እየዳበሰች፣ እየጮኸች፣ ጩኸቷ ከድንጋዩ ሲመለስላት መንገዷን ታውቃለች። ሩጫዋ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሩጫ ነው። ልቧ የሚመታው ሊቆጥረው የተነሳ ሰው ምላሱ እስኪተሳሰር ነው፤ ያ ሁሉ ምት ደግሞ ማገዶ ይፈልጋል። በቀን የራሷን ክብደት ያህል ካልበላች አትውልም አታድርም። ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ ትበላለች፤ ደግሞ ትተኛለች። ግማሽ ቀን ጾም ካስዋሏት ሞተች ማለት ነው። ዓመት የሞላት እንደሆነ በዘመዶቿ ዘንድ ታላቅ ባልቴት ናት።

ሰሞኑን ታዲያ ይህቺ ባለቤት ደረቅ ሣር በአፏ እየነከሰች ወደ አንድ ስንጥቅ ስትመላለስ ምሁሯ አይታታለች። ቆይቶም ከዚያው ስንጥቅ አንድ ጭውታ ሳይሆን ብዙ ጭውታ ተሰማ። ልጆች አሉ። ካቡ ነገ ከፈረሰ አበቃላቸው፤ ጥቂት ቀን ከታገሡት በእግራቸው ይወጣሉ። ነገሩ ይኸው ነበር። ሌላ ምንም አልነበረውም።

በማግስቱ ግንበኛው መጡ። ድንጋይ ከመንካታቸው በፊት ሻይ የሚጠጡ፣ ሻይ ከመጠጣታቸው በፊት ስለ ወገባቸው የሚያወሩ ሽማግሌ ናቸው። ምሁሯ ሻዩን ራሷ አቀረበች፤ ስለ ወገባቸውም ከልማዷ ውጪ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«አባባ፣ ከላይኛው ጫፍ ቢጀምሩስ? ታችኛው ጥቂት ቀን ቢቆይ።»

«ለምኑ፣ ልጄ?»

«ወልዳለች።»

«ማን?»

እትዬ ከመደቡ መሃል ቀና አሉ። «አይጥ ናት የወለደችው። ይህቺ ደግሞ አራስ ጠያቂ ሆናለች። እርስዎ ሥራዎን ይያዙ።»

«እትዬ፣ ችግኛችንን በየማለዳው ከሥሩ የሚቆርጠውን ትል የምትበላልን እኮ እሷ ናት።»

«ትሉን የምለቅመው እኔ ነኝ፤ ወገቤ ይመስክር።»

«እርስዎ የታየዎትን ነው የሚለቅሙት። ያልታየዎትን ማን ይለቅማል?»

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ካብ የማን ነው? የእኔ ነው የአይጥ?»

ሹፌሩ ሳቀ። ግንበኛውም ወገብ መኖሩን ረስተው ሳቁ። ነገሩን ያበላሸው ይህ ሳቅ ነው። ምሁሯ ቁጣ ትችላለች፤ ስድብማ ሲመጣባት እንደ ጓደኛ ነው የምትቀበለው። የሚስቁባትን ግን አትችልም። ግንበኛው እጃቸውን ወደ መጀመሪያው ስንጥቅ ሲሰዱ ምላሷ ከልቧ ቀደመ።

«ይጠንቀቁ አባባ። መርዛም ናት።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«ምራቋ መርዝ ነው። መጽሐፍ ላይ አለ።»

መጽሐፍ ላይስ አለ። በሌላ አገር የሚኖሩ አንዳንድ የአፈ ሹሏ የሥጋ ዘመዶች የነከሱትን ትል የሚያደነዝዝ ምራቅ አላቸው ይላል። ስለ እሷ ግን እንዲህ ብሎ አልጻፈም። ምሁሯ የሩቅ ዘመድ ልብስ ተውሳ ነው ያለበሰቻት።

ግንበኛው እጃቸውን ሰብስበው አዩት፤ ጣታቸው ሁሉ በቦታው ነበር። «እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ለድንጋይ ነው» አሉ በጨዋ ደንብ። «ለሌላው ነገር ገና ነኝ።» መዶሻቸውን ከረጢት ውስጥ ከተቱ፤ በድንጋጤ ባለ ገመድ ቱንቢያቸውን ካቡ ላይ እንደተንጠለጠለ ትተው ሄዱ።

ምሁሯ አሸነፈች። የዚያን ዕለት ስትሠራ ዋለች እንጂ አልደከማትም፤ ከረጢት ስትሞላ እንደ ዜማ ያለ ነገር በአፍንጫዋ ይወጣ ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ግንበኛው ሻይ ቤት ተቀምጠው ነገሩን አወሩት። ነገር ደግሞ በባዶ እጁ አይሄድም፤ በደረሰበት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ስንቅ ይቋጠርለታል። ወደ ችግኝ ጣቢያው ሲመለስ አፈ ሹሏ በሬ ነክሳ ጥላ ነበር። ለአጥር የሚሆን ችግኝ ያዘዘች አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ፣ ወደ ውስጥ ሳትራመድ፣ «ከረጢቱ ውስጥ ትገባለች እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «ምኗ?» አሉ እትዬ። ሴትዮዋ ስሟን መጥራት እንኳ ፈርታ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሹፌሩን ጠሩት።

«ሂድና ነጭ ጋዝ አምጣልኝ። በጀሪካን።»

«ለምን እማዬ?»

«ድንጋዩ ይቅርብኝ። ካቡን ከነቅጠሉ፣ ከነመርዟ አነደዋለሁ። ሰው ግቢዬን ፈርቶ ሲመለስ ቆሜ አላይም።»

ምሁሯ በእጇ የያዘችው ከረጢት አፈሩን እግሯ ላይ አፈሰሰ። ድንጋይ አንድ በአንድ ሲነሳ እናት ልትሸሽ ትችል ነበር፤ ዕድል ነው። ከእሳት ግን ምን ትሸሻለች? ይህን እሳት ያመጣው ደግሞ የእትዬ ግትርነት አልነበረም። የራሷ ምላስ ነው።

ሹፌሩ የመኪናውን በር ከፍቶ ሳይገባ ቆመ። «አንድ ጥያቄ አለኝ ምሁሯ። ሻለቃ ያን ጠዋት በአፉ አንጠልጥሏት ሲመጣ፣ ምራቋ አልነካውም?»

ምሁሯ ጎንበስ ብላ የፈሰሰውን አፈር በእጇ መሰብሰብ ጀመረች።

«አውቄ ነበር» አለ። ደስ ያለውም አይመስልም።

«ንገርልኝ። አንተ ትሻላለህ፤ ልጃቸው ነህ።»

«እኔን ታምነኛለች? ትናንት ዘይት ቀየርኩ ስላት ጎንበስ ብላ ያየች ሴት ናት። ራስሽ ተናገሪ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

እትዬ የውኃ ማጠጫው ቀዳዳ ተደፍኖባቸው በእሾህ ሲጎረጉሩ አገኘቻቸው።

«እትዬ፣ ዋሽቻለሁ። መርዝ የላትም።»

እትዬ ቀና አላሉም። «ትናንት መርዛም ናት አልሽ። ዛሬ መርዝ የላትም አልሽ። ነገ ክንፍ አላት ትይኛለሽ። የትኛውን ቀን ልመን?»

«የዛሬውን።»

«ዛሬማ ነጭ ጋዝ የታዘዘበት ቀን ነው፤ ዛሬ ማንም ጨዋ ይሆናል።»

«አፌን አይመኑት እሺ። ዓይንዎንስ?»

እትዬ እሾሁን አወጡና ወደ ብርሃን አነሱት። «ዓይኔን አምናለሁ።»

«እንግዲያው ጋዙ ቢመጣም ትንሽ ያቆዩልኝ።»

ወተት የነበረበትን ባዶ ጣሳ ካቡ እግር ሥር፣ አፉን ከመሬት ጋር እኩል አድርጋ ቀበረችው። አፈ ሹሏ ገላጣ ሜዳ አትወድም፤ ግድግዳ ግድግዳውን፣ ጎኗን ድንጋዩ ላይ እያሻሸች ነው የምትሮጠው። ጣሳ ቀብሮ ወደ ቤት መግባት ለአይጥ ወጥመድ ነው፤ ለአፈ ሹሏ መቃብር ነው፤ የምትበላው ሳታገኝ ትሞትበታለች። ስለዚህ ምሁሯ ጣሳው ውስጥ ከችግኝ ሥር የለቀመቻቸውን ትሎች ጣለችና እንደ ደላላ ከአጠገቡ ሳትነሳ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ከመደብ ወደ መደብ ስትሻገር ጭውታው መጣ፣ ቀረበ፣ ተቋረጠ። ከጣሳው ውስጥ መቧጠጥ ተሰማ።

የከረጢት መሙያው ጠረጴዛ ያለው ከጥላ መረቡ ሥር ነው። ምሁሯ ሰፊ አፍ ያለውን የዘር ጠርሙስ እዚያ ላይ አስቀመጠችና እንግዳዋን ከጣሳው ገለበጠችበት። ሆዷ ላይ ጠጉሩ ተለያይቶ ጡቶቿ ይታያሉ። ሹፌሩ ጀሪካኑን ይዞ ደርሶ ነበር። ግንበኛውም ቱንቢያቸውን ሊወስዱ መጥተው ኖሮ ከመኪናው ወዲያ ማዶ ቆመው ያያሉ።

«እትዬ፣ ይኸው ዘርዎ» አለች፤ ከተበሳው ከረጢት አንድ እፍኝ አንስታ በጠርሙሱ አንድ ጎን አፈሰሰች። «ይኸው ደግሞ ትል።» በሌላው ጎን ጣለችው።

አፈ ሹሏ ዘሩን በአፍንጫዋ ዳበሰችው፤ ረግጣው አለፈች። ትሉ ጋ ስትደርስ ግን የት እንደ ነከሰችው እንኳ አልታየም፤ እንደ ክር ከዳር ወደ ውስጥ ጠፋ። ሁለተኛ ተጨመረላት፤ ጠፋ።

«ዘሩን ጠግባው ነው» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ግን ወኔ አልነበረውም። «መርዙስ?»

ምሁሯ የቀኝ እጇን አመልካች ጣት ጠርሙሱ ውስጥ አስገባች። አፈ ሹሏ ጢሟን አንቀጠቀጠች፤ ጣቱን አሽትታ ትል አለመሆኑን የተረዳችው ከነከሰችው በኋላ ነው። ጣቷን አወጣች። ጫፉ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል ደም ነበረች።

«አንቺ የተረገምሽ» አሉ እትዬ። ግን እጇን ቀምተው ወደ ቧንቧው እየጎተቷት ነበር። በልብስ ሳሙና አጠቧት፤ ደግመው አጠቧት፤ በራሳቸው መሐረብ አሰሩላት። ከዚያ በኋላ ነው የተቆጡት። ተቆጥተው ሲጨርሱ ጠርሙሱን አዩ።

«አሁን ልልቀቃት እትዬ። ልጆቿ…»

«አትለቂያትም። ብታብጪ ለሐኪም ምን አሳየዋለሁ?»

«ልክ ነዎት» አሉ ግንበኛው ከመኪናው ማዶ። «እባብ የነደፈው ሰው አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር።»

«እሺ፣ ግን ካልበላች ትሞታለች። እሷ ከሞተች ልጆቹም ሞቱ።»

«ስጫታ።»

«ትሉ አልቋል።»

እትዬ ወደ ጠርሙሱ ጎንበስ አሉ። አፈ ሹሏ መስታወቱን በአፍንጫዋ እየወጋች ትዞራለች፤ ጎኗ ከትንፋሽ ብዛት ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሽ ሳይሆን የልብ ምት እንደሆነ ምሁሯ ታውቃለች፤ እትዬ ግን እንዲሁ አዘኑ።

«አንተ» አሉ ልጃቸውን። «ምን ይገትርሃል? ትል ልቀም።»

በዚህ ዓይነት ሁሉም መደብ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ በእንጨት እየጫረ፣ እትዬ የጠወለገውን ችግኝ ሥር እየገለጡ፣ ምሁሯ በግራ እጇ። ግንበኛው ጥቂት ቆመው አዩና ወገባቸውን ይዘው፣ ከእነሱ ራቅ ካለው መደብ ጀመሩ። ያመጡትን ጠርሙሱ ውስጥ ይጥላሉ፤ ዞር ሲሉ የለም።

«ይህቺ ሆድ ናት ወይስ ጉድጓድ?» አሉ እትዬ።

«አራስ ናት» አሉ ግንበኛው፤ ጥንዚዛ በሁለት ጣት አንጠልጥለው። «ይህንንስ ትበላለች?»

በላችው። የቀረው የጥንዚዛው ክንፍ ብቻ ነበር። ግንበኛው ሌላ ፍለጋ ሄዱ።

እየቆየ ትል ማግኘት ከባድ ሆነ። መጀመሪያ ልብ ያሉት እትዬ ናቸው። ከላይኛው መደብ እፍኝ ሙሉ የወጣውን ያህል ከታችኛው፣ ካቡ አጠገብ ካለው መደብ ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡ። ቆመው ታችኛውን መደብ አዩት፤ ችግኙ የተቆረጠበት ቦታ የለም። ካቡን አዩት። አፈሩን ከእጃቸው አራገፉ።

መሐረቡ ሲፈታ ጣቷ አላበጠም፣ አልጠቆረም። ግንበኛው በጣም ቀርበው መረመሩት። «ቢያንስ ትንሽ ይቀላል ብዬ ነበር» አሉ።

«ውሰጃት» አሉ እትዬ። «ጋዙም ወደ ማድቤት ይግባ። ድንጋዩን ከላይኛው ጫፍ ይጀምሩልኝ፤ ታችኛውን አይንኩት።»

ምሁሯ ጠርሙሱን አቅፋ ስትነሳ ያዟት።

«ገና አልጨረስኩም። ሻይ ቤት ሄደሽ ያወራሽውን ራስሽ ትሰበስቢያለሽ።»

«እኔ እኮ ለአባባ ብቻ ነው…»

«ራስሽ።»

ካቡ ሥር ጠርሙሱን አጋደመችው። አፈ ሹሏ ወጣች፤ አንዴ ጮኸች፤ ስንጥቋ ዋጣት። ከውስጥ ብዙ ጭውታ ሲነሳ ሰማችና ነው ምሁሯ ወደ መኪናው የሄደችው።

ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆማ የተናገረችው አጭር ነበር። መርዝ የላትም፤ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዋሽቼ ነው። ሳቁባት። አንዱ «ታዲያ ያንቺስ ምራቅ?» አላት፤ ሌላው ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ቆማ ጨረሰችው። መልስ የነበራት ቢሆንም፣ ያውም ሰውየውን እስከ ዕለተ ሞቱ የሚከተለው መልስ፣ ዋጠችው። ሲመለሱ ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘግቶ ነዳ፤ ከእሱ ለሚመጣ ደግነት ይህ ብዙ ነው።

ግንበኛው ከላይኛው ጫፍ ድንጋይ እየነቀሉ፣ መዶሻቸውን እያሰሙ ሰነበቱ። የዘር ቤቱ ወለል ግማሹ ተደፈነ። መርዙ ዕቃ መደርደሪያው ላይ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ይጠብቃል፤ ወለሉ እንዳለቀ ይበተናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግንበኛው አንዱን ትልቅ ድንጋይ በዲጅኖ ሲፈነቅሉ ካቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተርገደገደ። ምሁሯ ከረጢት እየሞላች ነበርና በመጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። አፈ ሹሏ በጠራራ ፀሐይ ከስንጥቋ ወጣች። ከኋላዋ አንድ ልጅ የእናቱን ጅራት ሥር ነክሶ ይከተላል። የእሱን ጅራት ሥር ሌላው ነክሷል፤ የዚያን ሌላው፤ የዚያን ደግሞ ሌላው። እናቲቱ ስትጠመዘዝ ሁሉም ይጠመዘዛል፤ ስትቆም ሁሉም ይቆማል፤ ለማያውቅ ሰው መሬት ላይ የሚጎተት የጠጉር ገመድ ነው።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ። ግንበኛው ዲጅኗቸውን እንደያዙ ደነዘዙ።

ገመዱ ከካቡ ተነጥሎ መንገዱን ገባ። ሻለቃ ከውኃ በርሜሉ ሥር ብድግ አለ። እትዬ፣ የማጠጫ ውኃ እየሞሉ የነበሩት እትዬ፣ ማጠጫውን ለቀው ድመቱን በማጅራቱ አነሱት። ሻለቃ በሕይወቱ ተነክቶ የማያውቅ ድመት ነው፤ ከድንጋጤው የተነሳ አልተቧጨረም። ውኃው እየፈሰሰ፣ ድመቱ እንደተንጠለጠለ፣ ሰውም ድመትም ቆሞ አየ። ገመዱ መንገዱን ተሻገረ፤ የዘር ቤቱን ግድግዳ ታከከ፤ ግድግዳ ግድግዳውን ሄዶ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አንድ በአንድ ገባ። የመጨረሻው ጅራት ሲጠፋ ከውኃው በቀር የሚሰማ አልነበረም።

«ዘር ቤት ገቡ እማዬ» አለ ሹፌሩ፣ እሳቸው ያላዩት ይመስል።

ለምን እንደወጣች ምሁሯ አላጣችውም። መዶሻው አለ፤ ግን ከመዶሻው በፊት ጣሳ ነበረ፣ ጠርሙስ ነበረ፣ ጣት ነበረ። ካቡን አድና ባለቤቷን አስለቅቃለች።

እትዬ ድመቱን እንደያዙ ወደ እሷ ዞሩ። «እንግዲህ ንገሪኝ። አይጡን ትበላልኛለች?»

አዎ ብትል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። መርዙ ዳግመኛ አይነሳም፤ እትዬ እንግዳቸውን እንደ ዘበኛ ያኖሯታል። ሹፌሩ አፏን አፏን ያያል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረ፤ እንዲያውም ከምላሷ ጫፍ አልፎ ነበረ።

«አትበላም» አለች። «ነቀዝ ትበላለች፤ በረሮም ትበላለች። አይጡ የእኛ ሥራ ነው። ጣሪያው ውስጥ ነው ያለው፤ ቀዳዳውን በቆርቆሮ መድፈን ነው።»

እትዬ አዩዋት። «ጣትሽን አሳዪኝ።»

አሳየች። ከጠባሳ የማትቆጠር ነጥብ ናት።

«እሺ» አሉ እትዬ። «መርዙን ለገዛንበት ሱቅ መልስ» አሉት ልጃቸውን። «ቆርቆሮና ምስማር አምጣ።»

ሹፌሩ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ወደ ታች አየ። «በይ እንግዲህ እማዬ፣ ካቡ ባዶ ነው። ታችኛውም ይነሳና ወለሉ ይለቅ፤ ግንበኛውም ይገላገሉ።»

ግንበኛው ዲጅኗቸውን አነሱ። እትዬ ሻለቃን መሬት ላይ አስቀመጡት፤ በእግራቸው ግን ከዘር ቤቱ በር ከለሉት።

«ተወው» አሉ። «ብትመለስስ?»